«ውኃ»፣ «አንቲፍሪዝ»፣ «ማቀዝቀዣ»
በአንድ የሞተር ብስክሌት ጥገና መመሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው የቀለበት መንገድ ላይ የሚገኘው ኢምፔሪያል የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሆቴል ነው። በታክሲ ውስጥ «ኢምፔሪያል ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ ስለ ሆቴሉም ሆነ ቃሉ በመጣበት ቋንቋ ስላለው የንጉሠ ነገሥትነት ትርጉም አያስብም፤ ሊያስብም አይገደድም። የቦታ ስም ሥራው መጠቆም ስለሆነ ፍቺው ቢጠፋ ማንም መንገድ አይስትም። የሙያ ቃልስ እንዲሁ ነውን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን በዚሁ በኢምፔሪያል፣ ከአንድ የሞተር ብስክሌት ጥገና ቤት ያገኘነው፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የጥገና መመሪያ ነው።

መመሪያው ዐሥራ ሁለት ገጽ አለው። የተርጓሚው ስም፣ የታተመበት ቦታና ዘመን አልሰፈረበትም። የሚያስተምረው ሞተራቸው በፈሳሽ የሚበርድ ብስክሌቶች እንዴት እንደሚጠበቁ፣ ፈሳሹን የሚያመላልሱት ጎማዎችም ሲያረጁ እንዴት እንደሚለወጡ ነው። ሒሳችን በተርጓሚው ላይ አያነጣጥርም። የሥራውን ቅደም ተከተል ሳያዛባ፣ አብዛኛውን ባልተንዛዛ አማርኛ አስተላልፏል፤ ከጥፋቱም የሚበዛው እኛ የስያሜ ሠራተኞች ካቀበልነው ወይም ሳናቀብለው ከቀረነው መሣሪያ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ መመሪያው ወደ እኛ የደረሰው በአንድ ወጣት ዘመዳችን ክንድ ላይ በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ስለሆነ፣ ነገሩን እንደ ተራ የቃላት ምርጫ ልናየው አልቻልንም።

ስለ ማሽኑ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የሚታዩት አብዛኞቹ አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች የሚበርዱት በነፋስ ነው፤ ሲሊንደራቸው በቀጫጭን የብረት ክንፎች የታጠረ ሲሆን፣ ብስክሌቱ ሲሄድ የሚነፍሰው አየር ሙቀቱን ይወስዳል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በከተማው የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በፈቃድ ከተገደበ ወዲህ በፈቃድ ከሚሠሩት አንዱ ወገን መልእክትና ዕቃ አድራሾቹ ናቸው፤ ዘመዳችንም ከእነዚሁ አንዱ ነው። የእርሱ ብስክሌት ግን ባለ ራዲያተር ነው። በእንዲህ ያለው ሞተር ውስጥ፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ ባሉ ቦዮች የሚዞር ፈሳሽ ሙቀቱን ተሸክሞ በጎማ በኩል ወደ ራዲያተር ይደርሳል፤ በዚያ ነፋስ ያበርደዋል፤ ፓምፑም መልሶ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ቴርሞስታት የተባለው በር ሞተሩ ለሥራው የሚስማማው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይይዛል። የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ ውስጡ ያለውን ግፊት ይጠብቃል። ከጎን ያለች አነስተኛ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሲሞቅ የሚተርፈውን ፈሳሽ ትቀበልና ሲበርድ ትመልሳለች።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ለሦስቱ መመሪያው ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ማቀዝቀዣ»። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ነው፤ ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ነው፤ ማቀዝቀዣ ጠቅላላው ሥርዓት ነው። በአንድ ገጽ ላይ ማቀዝቀዣው ይታጠባል፣ ማቀዝቀዣው ይፈስሳል፣ በማቀዝቀዣው ውስጥም ማቀዝቀዣ ይጨመራል። በ«መ» ወይም በ«ማ» ተጀምሮ በ«ኢያ» የሚያልቀው የስም ቅርጽ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ልጆቹ ብዙ ናቸው። መሣሪያን ይሰይማል፤ መቁረጫና መጥረጊያ እንዲሉ። ቦታን ይሰይማል፤ ማደሪያና መዋኛ እንዲሉ። የሚጨመርን ወይም የሚቀባን ነገርም ይሰይማል፤ ማጣፈጫና ማጣበቂያ እንዲሉ። በወጥ ቤት ውስጥ ማጣፈጫው ከማብሰያው ጋር አይምታታም፤ ዓይን ይፈርዳልና። የማያውቀውን ማሽን ፈትቶ ወረቀት እያነበበ ለሚሠራ ሰው ግን ከወረቀቱ በቀር ፈራጅ የለውም። በዚህ ላይ «ማቀዝቀዣ» በየቤቱ የምግብ ማስቀመጫው ፍሪጅ ስም መሆኑን ማከል ያሻል።

ጉዳቱን ያመጣው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። መመሪያው ጎማ ከመለወጡ በፊት ሞተሩን አቀዝቅዘን የማቀዝቀዣውን ክዳን እንድንከፍት ያዛል። በዚህች አጭር ትእዛዝ ውስጥ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ክዳኑ የየትኛው ማቀዝቀዣ ክዳን እንደሆነ አለመነገሩ ነው። የትርፍ ፈሳሹ ዕቃም ክዳን አለው፤ በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይህ ዕቃ ግፊት ስለማይዝ ክዳኑን መክፈት ያን ያህል አያሰጋም፤ የራዲያተሩ ግን ያሰጋል። ሁለተኛው «ሞተር» የሚለው ቃል ነው። በከተማችን አነጋገር ሞተር የሚባለው ኃይል ሰጪው ክፍል ብቻ ሳይሆን ብስክሌቱ በሙሉ ነው፤ «ሞተሩን ጥላ ሥር አቁመው» እንላለን። ዘመዳችንም ብስክሌቱን ጥላ ሥር አቁሞ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ፤ ኮርቻውና የነዳጅ ሰልባትዮው በርዶ ስላገኘው ሞተሩ የቀዘቀዘ መሰለው።

ሦስተኛው ወጥመድ ሰዋስዋዊ ነው፤ ለእኛም ዋናው እርሱ ነው። «አቀዝቅዞ» አድራጊ ግስ ነው። የሰውን ድርጊት እንጂ የጊዜን ሥራ አያመለክትም። «አቀዝቅዝ» የተባለ ሰው አንድ ነገር ማድረግ እንዳለበት ይረዳል፤ እንግዲህ ውኃ ይደፋበታል ወይም ያራግብለታል። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው እንደሚችል ማንኛውም ባለሙያ ያውቃል። በጥገና ቤቱ የሚሰማው አነጋገር ግን «ይብረድ» ነው፤ «እስኪበርድ ቆይ» ነው። በዚህ ግስ ውስጥ ባለቤቱ ሞተሩ ነው፤ ሰውየው የሚጠበቅበት መታገሥ ብቻ ነው። ተርጓሚው «ሞተሩ ራሱ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ድረስ ቆዩ፤ ከዚያ በፊት የራዲያተሩን ክዳን አትክፈቱ» ብሎ ቢሆን ኖሮ የፊደል ልዩነቱ ከአንድ መስመር አይበልጥም ነበር።

የክዳኑ ነገር በአዲስ አበባ ከሌላው ቦታ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ በክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ባለ ራዲያተር ሞተር ይህን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚህ በላይ ሞቆ ይሠራል። ፈሳሹ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው። በብዙ ክዳኖች ላይ የተቀረጸው 1.1 የሚል ቁጥር ከውጪው አየር በላይ በካሬ ሴንቲሜትር 1.1 ኪሎግራም ግፊት እንደሚይዙ ያመለክታል፤ በዚህም የተነሣ የመፍያው ነጥብ በእኛ ከፍታ እንኳ ከ115 ዲግሪ ያልፋል። ክዳኑ በሙቀት ጊዜ ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ዝም ብሎ የነበረው ፈሳሽም በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይወረወራል። ዘመዳችን የደረሰበት ይኸው ነው። ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳው አለ።

ወደ ጎማዎቹ እንለፍ። መመሪያው እነርሱን የሚጠራቸው «ቱቦ» እያለ ነው። ቱቦም ጎማም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው የበለጠ አማርኛ ነው ሊባል አይችልም። ነገር ግን ቱቦ ለአዲስ አበባ ሰው በመንገድ ሥር የሚቀበረው፣ የማይተጣጠፈው ነው። ባለሙያው የሚለው «የራዲያተር ጎማ» ነው፤ የላይኛው ጎማ፣ የታችኛው ጎማ እያለ ይለያቸዋል። እርግጥ ነው ጎማ ቁሱንም፣ መንኰራኵሩ ላይ የሚገጠመውንም፣ ውኃ ማስተላለፊያውንም ይጠራል፤ «ጎማው አርጅቷል» የተባለ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ወደ መሬት ነው። ይህን ጉድለት ግን የጥገና ቤቱ ቅጽል ፈትቶታል፤ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።

በዚህ ክፍል መመሪያው ከባለሙያው አፍ ብዙ ሊማር ይችል ነበር። ለአረጀ ጎማ ያለው ግስ «ተበላሸ» ብቻ ነው። በጥገና ቤቱ ውስጥ ባለሙያው ጎማውን በሁለት ጣቱ ጨመቅ እያደረገ ሲመረምር ሰምተናል፤ አንዱ ደርቋል፣ ሌላው ልሟል፣ ሦስተኛው ከማሰሪያው ቀለበት አጠገብ አብጧል። የደረቀው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የላመው ዘይት ስለነካው ነው፤ ያበጠው ሳይውል ሳያድር ይፈነዳል። አንዱ ግስ በሽታውን ብቻ ሳይሆን መንሥኤውንና የቀረውን ዕድሜ ጭምር ይናገራል። ይህን ሁሉ «ተበላሸ» ማለት ሐኪም በሽተኛውን አይቶ «ታሟል» እንደማለት ነው።

ከዚህ የከፋው «ጎትቶ ማውጣት» የሚለው ነው። ዓመታት የተቀመጠ ጎማ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። የራዲያተሩ አፍ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ በፒንሳ ይዞ የሚጎትት ሰው ጎማውን ሊያድን ሲል አፉን ያጣምመዋል፤ ጎማው የጥቂት ብር ዕቃ ሲሆን ራዲያተሩ ውድ ነው። ባለሙያው አይጎትትም፤ ይልጣል። አሮጌውን ጎማ በቁመቱ በምላጭ ይሰነጥቅና እንደ ሙዝ ልጣጭ ያነሣዋል። «ላጠ» የሚለው ግስ ብቻውን እጅን ያስተምራል። አዲሱ ጎማ ሲገባም ማሰሪያው ቀለበት በአፉ ዙሪያ ከፍ ብሎ ካለው ከንፈር ኋላ መቀመጥ አለበት፤ በከንፈሩ ላይ ከተቀመጠ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ ከከንፈሩ ፊት ከተቀመጠም ግፊት ሲመጣ ተንሸራትቶ ይወጣል። አፍና ከንፈር የባለሙያዎቹ ስያሜዎች ናቸው። መመሪያው ሁለቱንም «መጋጠሚያ» ይላቸዋል፤ ስለዚህ ቀለበቱ ከምኑ ኋላ እንደሚቀመጥ ለመናገር ቃል አጥሮት አልፎታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሳቅን አልቻልንም። አዲስ ፈሳሽ ከተሞላ በኋላ በቦዮቹ ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ግድ ነው። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ቀዝቃዛው ሞተር ተነሥቶ ጥቂት ይሠራል፤ አረፋው እየወጣ የፈሳሹ መጠን ሲጎድል ይሞላል። ይህን ሥራ እንግሊዞች በማድማት መስለው ይጠሩታል፤ ተርጓሚውም አንባቢውን «ማቀዝቀዣውን አድማው» ብሎ አዞታል። የናፍጣ መካኒኮች ከስንት ዘመን ጀምሮ «አየር ይዟል»፣ «አየሩን አውጣ» ሲሉ ይህን ሳይሰማ የቀረ ሰው ደም ፍለጋ መሄዱ ያስገርማል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም የፈሳሹ ስም ነው። በጥገና ቤቱ ለረዳቱ የሚሰጠው ትእዛዝ «ውኃ ጨምርበት» ነው። መመሪያውም «ማቀዝቀዣ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ከመካከሉ ጀምሮ «ውኃ» ወደሚለው ይንሸራተታል። በዚህ ረገድ እኛ ብቻችንን አይደለንም። እንግሊዞች ፓምፑን እስከ ዛሬ የውኃ ፓምፕ ይሉታል፤ የጀርመን መካኒኮችም በአፋቸው «የማቀዝቀዣ ውኃ» ማለታቸውን አልተውም። ነገር ግን ስም ሥራን ይመራል። ውኃ የተባለው ነገር ሲጎድል ሰው የሚጨምረው ውኃ ነው፤ ውኃም ከቧንቧ ይቀዳል። የቧንቧ ውኃ የተሸከመው ማዕድን በጠባቦቹ የራዲያተር ቦዮች ውስጥ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደምናየው ቅርፊት እየሠራ ይደፍናቸዋል፤ ብረትና አሉሚኒየሙንም ያዝገዋል። በትክክል የሚሞላው ዝገት መከላከያ ያለበት ውህድ፣ ብዙውን ጊዜም ግማሹ ኤትሊን ግላይኮል፣ ግማሹ የተጣራ ውኃ ነው። ጎማ ተለውጦ፣ ቀለበት ጠብቆ፣ በመጨረሻ የቧንቧ ውኃ ከተሞላበት የተደከመው በከንቱ ነው።

«አንቲፍሪዝ» የሚለው ስም ይህን ያቃና ይመስል ነበር። በተቃራኒው አባሰው። ቃሉ በባዕድ ቋንቋም ቢሆን ፍቺው ለብዙ ባለሙያ ግልጽ ነው፤ ውኃ እንዳይረጋ የሚከላከል ማለት ነው። ባለሙያውን «ለምን አንቲፍሪዝ አትሞላበትም?» ብለን ስንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር ውኃ መቼ ረግቶ ያውቃል?» ሲል መለሰልን። መልሱ ከስሙ አንጻር እንከን የለውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከሚወርደው ውርጭ በቀር አዲስ አበባ ሞተር የሚሰነጥቅ በረዶ አታውቅም። ፈሳሹ ለእኛ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትን ይከለክላል። ውኃ ቶሎ በሚፈላበት በዚህ ከፍታ የመጀመሪያው ጥቅም ከቆላ ይልቅ ለደጋ ሰው ይበጃል። ስሙ ግን ለአውሮፓ ክረምት የወጣ ስለሆነ፣ የማያስፈልገንን ጥቅም እየጮኸ ተናግሮ የሚያስፈልጉንን ሁለቱን ደብቋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ኩላሊትን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፤ በአንዳንድ አገሮች መራራ ቅመም የሚጨመርበት ስለዚህ ነው። በጥገና ቤቱ ጥግ የተረፈው ፈሳሽ ተቀድቶ የሚቀመጠው በምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ በሃይላንድ ነው። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ የንግድ ስም ሆኖ ተነሥቶ የማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ የሆነ ቃል ነው፤ የቃሉ ታሪክ ራሱ ውስጡ ያለው ውኃ ነው ይላል። እንግዲህ ረዳቱ ልጅ ወይም ዕቃ ልታቀርብ የመጣች ሴት «በሃይላንዱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ «ውኃ ነው» ሊሆን ነው። ስለ ስያሜ ብዙ ተከራክረናል፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ግን በጉባኤ ጠረጴዛችን ላይ ቀርቦ አያውቅም።

በዚህ ጉዳይ የራሳችንንም ጥፋት መናገር ተገቢ ነው። ከዓመታት በፊት በነበረ አንድ የስያሜ ውይይት ላይ፣ ለሙያ ቃላት ሁሉ ፍቺውን በራሱ የሚናገር፣ ከአገር ግስ የተወለደ ስም ይውጣ ከሚሉት ወገን ነበርን። «ማቀዝቀዣ ፈሳሽ» የሚለውንም ደግፈን ተከራክረናል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ባለውለታችን መሆኑ አይካድም፤ ይሁንና መንገዱ ከእንግሊዝኛው ቃል ተነሥቶ ወደ አማርኛ የሚመጣ ነው። ከጥገና ቤቱ የሚነሣው መንገድ ተቃራኒ ነው። በዚያ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ ዘመናቸውን ሙሉ አገልግለዋል፤ በፍቺያቸው የተረዳቸው ሰው ጥቂት ነው፣ በስማቸው ምክንያት የተጎዳ ግን አላየንም። እንደ ኢምፔሪያል ይጠቁማሉ እንጂ አይመክሩም። የሚጎዳው ጭራሽ የማይገባው ቃል ሳይሆን ገብቶ የሚያሳስተው ነው። «ውኃ» ይገባናል፤ «አንቲፍሪዝ» ይገባናል፤ «ማቀዝቀዣ» ይገባናል፤ ሦስቱም ያሳስታሉ።

ስለዚህ ለፈሳሹ በብዙ ጥገና ቤቶች መሰማት የጀመረውን «ኩላንት»ን እንቀበል እንላለን። ባዕድነቱ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ ቃሉን የሰማ ሰው ወደ ቧንቧ ሳይሆን ወደ መደብር ይሄዳል፤ በጠርሙስ ውስጥ ያለው ኩላንት ነው የተባለም አይጠጣም። ራዲያተር ራዲያተር ይባል። ለጠቅላላው ሥርዓት ግን ከአገር ግስ የወጣ ስም እንፈልጋለን፤ የምናቀርበውም «ማብረጃ» የሚለውን ነው። ቅርጹ ያው የነቀፍነው ቅርጽ ነው የሚል ተቺ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ፈሳሹና ራዲያተሩ የየራሳቸውን ስም ከያዙ ለማብረጃ የሚቀረው ትርጉም አንድ ብቻ ነው። ግሱም ይሻላል። ቀዘቀዘ ወደ ቅዝቃዜ ያደላል፤ በረደ ግን ከጋለበት መውረድንም ይናገራል፤ ቁጣው በረደ፣ ትኩሳቱ በረደ እንላለን። ይህ ልዩነት ለጌጥ አይደለም። የሞተር ማብረጃ ዓላማው ሞተሩን ማቀዝቀዝ ሳይሆን በልኩ ማቆየት ነው፤ ቴርሞስታቱ በ80 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ የማይከፈተውም ለዚህ ነው። «ማቀዝቀዣ» ያለ ሰው ይበልጥ የቀዘቀዘ ይበልጥ ጥሩ ይመስለዋል። አንድ ባለሙያ ቴርሞስታቱን «የማቀዝቀዣ እንቅፋት» ነው ብሎ ነቅሎ በመስኮት ላይ ሲያስቀምጠው በዓይናችን አይተናል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ነዳጅ እንደሚፈጅና ቶሎ እንደሚያልቅ ብናስረዳውም ስሙ ከእኛ የበለጠ አሳምኖት ነበር።

መመሪያውን በእነዚህ ስያሜዎች አርመን ለጥገና ቤቱ መልሰናል። ባለሙያው ኩላንትንና «እስኪበርድ ቆዩ»ን ያለ ክርክር ተቀበለ። ማብረጃን ሁለት ጊዜ በአፉ ካገላበጠ በኋላ «ይለመዳል» አለ፤ ከእርሱ ይህ ብዙ ነው። ለትርፍ ፈሳሹ የፕላስቲክ ዕቃ ግን እርሱም እኛም የሚያረካን ቃል አላገኘንም። በሁለቱ መስመሮች መካከል ፈሳሹ መኖሩን በየጊዜው ማየት የጎማ ፍሳሽን ቀድሞ ለማወቅ ዋነኛው መንገድ ስለሆነ፣ ዕቃው ያለ ስም ሊቀር አይገባውም። በየጥገና ቤቱ የሚጠራበትን ስም የሚያውቁ አንባብያን ቃሉን፣ የሰሙበትን ከተማና የተናጋሪውን ሙያ ጭምር ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም ከነክርክሩ እናቀርበዋለን።